የዓይኔ ቁጥር የጨመረ ዕለት

ትናንት የዓይኔ ቁጥር ጨመረ። በቀኙም በግራውም ጨመረ። እኔ ግን ከሆስፒታሉ በር እስከ አውቶቡሱ መቆሚያ ድረስ እየሳቅሁ ነው የሄድሁት፤ አባባ «ኧረ ቀስ በይ፣ ሰው ምን ይላል» እስኪሉኝ ድረስ። ይህን የምታነቡ ሁሉ ልጅቷን ምን ነካት እንዳትሉ። ቁጥሬ ከጨመረ ትምህርት ቤት መሄዴ እንደሚቀር ቤታችን ውስጥ የተቆረጠ ነገር ነበር። ጨመረ፤ ትምህርቴ ግን አልቀረም። መስከረም ሲጠባ ስምንተኛ ክፍል እገባለሁ። ዜናው ይኸው ነው።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ በኋላ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ሕመሜን ልናገር፤ ምክንያቱም ሕመም መሆኑን ሳላውቅ ነው ብዙ ዘመን የኖርሁበት፤ ከእናንተም መካከል ሳያውቀው የሚኖርበት አይጠፋም።

የእኔ ሕመም የታወቀው በሰላምታ ነው። ሰፈራችን ጉለሌ ነው፣ ከቁስቋም ግርጌ። አባባ ሸማ ይሠራሉ፣ እማዬ ትፈትላለች። እኛ ሰፈር ትልቅ ሰው በመንገድ ማዶ ሲያልፍ ያየ ልጅ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሣት አለበት። እኔ ለቀረበኝ ሁሉ እጅ እነሣለሁ። ማዶ ግን ለእኔ ሰው አልነበረም፣ ቀለም ነበር። ነጭ ነገር ያልፋል፣ ጥቁር ነገር ያልፋል። ለሰው ሁሉ እንደዚያ የሚታየው ይመስለኝ ነበር። ሌላው ሰው በአካሄድና በልብስ ቀለም እየገመተ የሚለይ፣ እኔ ደግሞ ግምት የማልችል ሰነፍ የሆንሁ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች እማዬን አጥር ላይ ጠሯት።

«ልጅሽን ምን በደልኋት?» አሏት።

«ምነው፣ ምን አደረገች?»

«ትናንት ወፍጮ ቤቱ ጋ ከማዶ ሆኜ ራሴን ነቅነቅ ባደርግላት ዓይኗን አጥብባ፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና ጥላኝ ሄደች። አስኳላ የሚያስተምራችሁ ይህንን ነው?»

ዓይኔን ማጥበቤ እውነት ነው። ሳጠብበው ነገር ሁሉ ትንሽ ጠራ ይልልኛል፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንዲያ አደርጋለሁ። ያ ፊት ለሌላው ሰው የንቀት ፊት መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። ያን ቀን ክው ብዬ ቀረሁ። እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ አለቀሰች። «ልጄን ኩራተኛ አሉብኝ» እያለች።

ከዚያ ወዲያ እኔም ቆረጥሁ፤ ያየሁትን ነገር ሁሉ እጅ መንሣት ጀመርሁ። አንድ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ አንድ ነጭ የለበሱ ሽማግሌ ከአንድ ቤት ደጅ ቆመው አየሁና ዝቅ ብዬ «እንደምን አደሩ» አልሁ። ዝም አሉ። የተቀየሙኝ መስሎኝ ይበልጥ ዝቅ አልሁ። ጓደኛዬ ብርቄ ከኋላዬ ደርሳ ትንሽ ተመለከተችኝና፣ «የማን ጋቢ ብትሆን ነው እንዲህ የምትከበረው?» አለችኝ። አጥር ላይ የተሰጣ ጋቢ ነበር። ብርቄ እስከ ትምህርት ቤት ድረስ በሳቅ ሞተች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

ክፍል ውስጥ ከብርቄ ጎን እቀመጣለሁ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን እሷ በሹክሹክታ ታነብልኛለች፣ እኔ እጽፋለሁ። መጽሐፍማ አፍንጫዬ ሥር ካደረግሁት ማንም አይቀድመኝም። ስለዚህ ከክፍል አንደኛም ሁለተኛም እወጣ ነበር፤ አስተማሪ ምን ብሎ ይጠርጥር?

እማዬ ነገሩ ዓይነ ጥላ ሳይሆን አይቀርም ብላ ወደ እንጦጦ ማርያም መንገድ ካለው ጸበል ወሰደችኝ። ውኃው እንደ በረዶ ነው። ያጠመቁኝ ቄስ ጥሩ ሰው ነበሩ። «ጸበሉንም ተጠመቂ፣ ሐኪምም ይይሽ። ሁለቱም የእግዚአብሔር ናቸው» አሉኝ። እማዬም እሺ ብላ በሳምንቱ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ይዛኝ ሄደች።

አሁን የምነግራችሁን ስሙ፤ እኔ ዛሬም ባሰብሁት ቁጥር ይደንቀኛል። የጤና ጣቢያው ሰልፍ ረጅም ነበር። ከግድግዳው ላይ ፊደል የተጻፈበት ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ከላይ ትልቅ፣ ወደ ታች እያነሰ የሚሄድ። ከእኔ የቀደሙት ሰዎች አንድ ዓይናቸውን በመዳፋቸው እየሸፈኑ ጮክ ብለው ያነባሉ። እኔ ደግሞ ፊደል የቆጠርሁት የኔታ ዘንድ ነው። የኔታ ዘንድ ማንበብ ማለት መቀበል ነው፤ ፊተኛው ልጅ ያለውን ጆሮህን ጥለህ ትይዛለህ፣ ተራህ ሲደርስ ዜማውን ሳታፋልስ ትመልሳለህ። የያዘ ጎበዝ ነው፤ ያልያዘ ይገረፋል። ተራዬ ሲደርስ ሰልፉ ሁሉ ያለውን ከላይ እስከ ታች አንበለበልሁት። ማታለሌ አልነበረም። የተጠየቅሁት ትምህርት መስሎኝ ነው። መርማሪው ቀና ብሎም አላየኝ፤ «ግሩም ዓይን ነው። ቀጥሎ» አለ።

እማዬ ቤት ስትገባ ይህንኑ ለአባባ ነገረች። አባባ መወርወሪያቸውን አስቀመጡ።

«እንግዲህ ዓይኗ ደህና ነው ከተባለ» አሉ፣ «የቀረው ኩራት ነዋ።»

ይህ ንግግር ከጸበሉ ውኃ ይልቅ አንቀጠቀጠኝ። ሕመም ቢሆን ይታዘንልኛል። ኩራት ግን መድኃኒቱ ሌላ ነው።

ደግነቱ አባባ አንጀታቸው አልቻለም። በሳምንቱ ከአንድ ሱቅ በደረቴ መነጽር ገዝተውልኝ መጡ። ሻጩ «ይህ ለማንኛውም ዓይን ይሆናል» ብሏቸዋል። አደረግሁት። ቀድሞ ጉም የነበረው ማዶ ጭራሽ ጠፋ። ራሴን እንደ መጥረቢያ ፈለጠኝ። አባባን ላለማሳዘን ብዬ «ይሻላል» አልሁና ሁለት እርምጃ ሳልሄድ የደጃችን ቦይ ውስጥ ገባሁ። እትዬ ዘነበች ከአጥራቸው ሆነው አይተዋል፤ «አሁን ደግሞ መነጽር አድርጎ መኩራራት መጣ» ሲሉ ሰማኋቸው።

የዚያን ዕለት አባባ ፈረዱ። መነጽሩን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና፣ «ዓይኗን የበላው መጽሐፍ ነው። ቀን ከሌት አፍንጫዋ ሥር ወትፋ ትውላለች። ይህን ዓመት ትጨርስ። ከዚያ በኋላ ከእናቷ ጋር ትፈትላለች» አሉ። እማዬ እንዝርቷን አነሣች። መኝታዬ ላይ ዓይኔን ለመጨፈን ፈራሁ፤ ከጨፈንሁት የማይከፈት ይመስለኝ ነበር።

ያወጣችኝ የብርቄ ኩፍኝ ናት። ብርቄ ታመመችና ከትምህርት ቤት ቀረች። በዚያው ሳምንት አስተማሪያችን ወይዘሪት ንግሥት ሰሌዳው ላይ የጻፉትን እንዳነብ አስነሡኝ። ሹክ የሚለኝ የለም። ስለ አባይ ወንዝ ስንማር ስለ ሰነበትን በግምት ስለ አባይ ወንዝ ማንበብ ጀመርሁ፣ አሳምሬ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሰሌዳው ላይ የነበረው የክፍልፋይ ሂሳብ ነበር። ወይዘሪት ንግሥት አልሳቁም። ወደ ሰሌዳው አቀረቡኝ፣ አነበብሁ። አራቁኝ፣ ጠፋብኝ። ከዚያ ከትምህርት በኋላ ቤታችን ድረስ መጡና አባባ ተቀመጡ ሳይሏቸው ተቀምጠው፣ «ይህች ልጅ የዓይን ሐኪም ዘንድ ካልሄደች እኔም ከዚህ አልነሣም» አሏቸው።

«ታይታለች እኮ፣ የኔ እመቤት። ደህና ናት ተብላለች» አሉ አባባ።

«እንግዲያው ደግማ ትታያ።»

እንግዲህ አባባና እኔ ወደ ከተማው ሆስፒታል ሄድን። የመጠበቂያው አግዳሚ በሰው ሞልቷል፤ ዓይኑ በጥጥ የተሸፈነ፣ በመሪ የመጣ፣ እያለቀሰ የሚጠብቅ። አንዲት ፍጹም የማይታያቸው እናት ከጎኔ ተቀምጠው እጄን ያዙና፣ «አይዞሽ፣ ዓይንሽን ይዘሽ ነው የመጣሽው፣ ይዘሽው ትመለሻለሽ» አሉኝ። እጄን ሳይለቁ ቆዩ። ማን እንደ ሆኑ ዛሬም አላውቅም።

ከፊታችን አንድ ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ተጠሩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ሰሌዳውን እንደ ውዳሴ ማርያም እያዜሙ ሲያነቡት እስከ መጨረሻው ሰማሁ። የለመደ ጆሮዬ ሁሉንም ያዘ።

ተራችን ደረሰና ገባን። ዶክተሩ ወጣት ናቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። «ግራሽን ሸፍኚ። ምን ይታይሻል?» አሉኝ። ከላይ እስከ ታች ዘረገፍሁላቸው።

አባባ ከኋላዬ ተነፈሱ። «ለአስተማሪዋ ነገርኋቸው እኮ» አሉ።

ዶክተሩ ግን ወደ ሰሌዳው ዞሩ። «ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ‹ጠ› ነው» አሉ በመጨረሻ። «አንቺ ‹ሰ› አልሽው። ቅድም የወጡት ሽማግሌም ‹ሰ› ብለውታል። የሳቸውን ስሕተት እንዴት አድርገሽ አገኘሽው?»

«እሳቸው ሲሉ ሰምቼ ነው» አልሁ።

«ለምን?»

«እንዴ... ማለቴ... ፊተኛው ያለውን ኋለኛው ይቀበላል እንጂ።»

ዶክተሩ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። «ባለፈውም እንዲሁ ነበር ያደረግሽው?» አሉኝ። አዎ አልሁ። አባባ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው ቆሙ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔን ለመቆጣት መስሎኝ ነበር። ኋላ እንደ ነገሩኝ ግን ያሰቡት ሌላ ነው፤ «ለካ ልጄ ሳታይ ነው ኩራተኛ ስላት የከረምሁት» ብለው ነው።

ዶክተሩ ካርቶኖች አወጡ። በየካርቶኑ ላይ ባለ ሦስት ጥርስ ሹካ የሚመስል ምልክት አለ፣ አንዱ ከሌላው የሚያንስ። አንድ አንዱን እያዞሩ የሹካው ጥርስ ወደ የት እንደ ዞረ በእጄ እንዳሳይ ጠየቁኝ። ይህን ከማንም ሰምቼ አልመልሰው። ትልቁን አየሁ። ከዚያ የሚያንሰው ሁሉ ጉም ነበር።

ወረቀት ላይ የሆነ ነገር ጻፉ። ቀርቤ አየሁት፤ ስድስት፣ አንድ ጭረት፣ ስልሳ። እኔ በሕይወቴ ከስልሳ ስድስት አግኝቼ አላውቅም። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አባባም አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ «ከስልሳ ስድስት? እንግዲያማ ዕውር ናት በሉኛ» አሉ።

«ማርክ አይደለም አባት፣ ይቀመጡ» አሉ ዶክተሩ። ከዚያ እንዲህ ብለው አስረዱን። ላይኛው ቁጥር እኔ የቆምሁበት ርቀት ነው፤ ስድስት ሜትር። ታችኛው ቁጥር ደግሞ ያንኑ ምልክት ጤነኛ ዓይን ያለው ሰው ከየት ሆኖ እንደሚያየው ነው። ሌላው ሰው ስልሳ ሜትር ርቆ የሚያየውን እኔ ለማየት ስድስት ሜትር ድረስ መቅረብ አለብኝ ማለት ነው። «ዓይኗ አልሞተም። የሩቁን ብቻ ነው ያጣችው። የቅርቡንማ ከእኔም ከእርስዎም ይበልጥ ታያለች» አሏቸው።

ቀጥሎ አንድ ከባድ የብረት ፍሬም አፍንጫዬ ላይ ጫኑና መስታወት እያወጡ እያስገቡ፣ «ይህ ይሻላል፣ ወይስ ያኛው?» ይሉኝ ጀመር። እኔ መልሱን ለማግኘት ፊታቸውን አያለሁ። ገባቸው። «እኔን አትመልከቺ። መልሱን እኔም አላውቀውም። የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ» አሉኝ። ይህ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። አስተማሪው ራሱ መልሱን የማያውቅበት ፈተና አይቼ አላውቅም ነበርና። ለመጀመሪያ ጊዜ ከማንም ሳልቀበል መለስሁ።

የመጨረሻውን መስታወት ሲያስገቡ መስኮቱ ጠራ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት በረንዳ ላይ ቆማ ነበር። ቅንድብ ነበራት። አንድ ነገር ትዝ ብሏት ለብቻዋ ፈገግ ስትል አየኋት። ሰው ከማዶ ፊት እንዳለው ያን ጊዜ አወቅሁ። ወዲያውም ሌላ ነገር መጣብኝ፤ እኔ ባላያቸውም እነሱ ያዩኝ ኖሯል። ይህን ሁሉ ዓመት፣ በየመንገዱ፣ ግንባሬን ቋጥሬ ስሄድ። እትዬ ዘነበች አልዋሹም። እሳቸው ያዩት እውነት ነበር፣ እኔም ያልሆንሁት እውነት ነበር።

ዶክተሩ ቁጥሩን ሲጽፉ አባባ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። የቀኙ ሦስት ተኩል፣ የግራው ሦስት፤ ከሁለቱም ፊት አንዲት ጭረት አለች።

«ይህቺ ጭረት ምንድን ናት?»

«የመቀነስ ምልክት ናት።»

«ከምኗ ተቀነሰባት?»

«ከእሷ ምንም አልተቀነሰም፤ ያ የመስታወቱ ዓይነት ነው» አሉ ዶክተሩ። ብርሃን ዓይን ውስጥ ገብቶ ከኋለኛው ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ነገሩ ይጠራል አሉ። የእኔ ዓይን ግን ወደ ኋላ ረዘም ያለ ስለ ሆነ የሩቁ ብርሃን ግድግዳው ጋ ሳይደርስ ተገናኝቶ ይቀራል።

አባባ ትንሽ አሰቡ። «ድሩ ከችካሉ ሳይደርስ አጠረ በሉኛ» አሉ።

«ልክ እንዲያ ነው። መሐሉ ስስ፣ ጠርዙ ወፍራም የሆነ መስታወት ብርሃኑን ገፋ አድርጎ ችካሉ ጋ ያደርስላታል። ይህ ባለ መቀነስ ነው። ባለ መደመሩ መሐሉ ወፍራም ነው፤ ለእሷ ቢያደርጉላት ጭራሽ ያጨልምባታል።»

አባባ ቀስ ብለው ያንን የሱቅ በደረቴውን መነጽር ከኪሳቸው አወጡ። ዶክተሩ መሐሉን በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። «ይኸው፣ ባለ መደመር። የሽማግሌ ነው። እስቲ እርስዎ ያድርጉትና የነጠላዎን ጥለት ይዩ» አሉ። አባባ አደረጉት። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ። እንደገና አዩ።

«ይህን ጥለት እኔ ነኝ የሠራሁት?» አሉ። «እዚህ ጋ እኮ ክር ዘልያለሁ።»

ዶክተሩና እኔ ሳቅን። ለአባባም ሌላ ቀን ዓይናቸው ተለክቶ በልካቸው እንዲሠራ ቀጠሮ ሰጧቸው፤ የራስን ቁጥር ሳያውቁ የተገኘውን ማድረግ የሰው ጫማ እንደ መጫማት ነው አሉን።

ለገበያ የታሰበ አንድ ኩታ ተሽጦ መነጽሬ ሆነ። መነጽር ቤቱ በሁለቱ ብሌኖቼ መካከል ያለውን ስፋት በማስመሪያ ለካ፤ የመስታወቱ መሐል ብሌን ላይ ካልዋለ ራስ ያዞራል አለኝ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት መሬቱ ያዘመመ መሰለኝ፣ እግሬንም እያነሣሁ እንደ ሰጎን ተራመድሁ። ከዚያ ለመድሁት። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ወፍጮ ቤቱ ጋ ሄጄ መጠበቅ ነው። እትዬ ዘነበች ከማዶ ብቅ አሉ። ገና ከሩቅ ቆምሁና መሬት እስክነካ ዝቅ አልሁ። እሳቸው ዞረው ከኋላቸው ያለውን ሰው ፈለጉ።

«እኔን ነው?» አሉ።

«እርስዎን ነው እትዬ። እስከ ዛሬ አይታዩኝም ነበር።»

መንገዱን ተሻግረው መጥተው አገላብጠው ሳሙኝ። «ታዲያ እኔ ምን አባቴ ሆኜ ሳልጠይቅሽ» እያሉ መነጽሬን በእንባቸው አረጠቡት።

ነገር ግን ሰፈሩ ሌላ ወሬ ነበረው፤ መነጽር ዓይንን ያሰንፋል፣ በየዓመቱ እየጨመረ መጨረሻው ያሳውራል የሚል። አባባም ይህን ሰምተው፣ «አንድ ዓመት እንየው። ቁጥሩ ከጨመረ ግን የሚበላት መጽሐፉ ነው፤ ያኔ ይበቃል» አሉ። ያን ዓመት የኖርሁትን ፍርሃት ልነግራችሁ አልችልም። በየማለዳው እንጦጦ ላይ አንድ ለብቻው የቆመ ባሕር ዛፍ አያለሁ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ዛፉ ዳር ዳሩ ደብዘዝ አለብኝ። ለማንም አልተናገርሁም።

ትናንት ዶክተሩ ለኩኝ። የቀኙ አራት፣ የግራው ሦስት ተኩል። ጭረቶቹ እንዳሉ ናቸው። አባባ ቁጥሩን አነበቡ። በአዲሱ መነጽራቸው ማንም ሳይረዳቸው ነው ያነበቡት።

«ጨምሯል» አሉ አባባ።

«ጨምሯል» አሉ ዶክተሩ። «ይጠበቃል። መነጽሩ አይደለም ያመጣው። እሷ ስታድግ ዓይኗም አብሮ ይረዝማል። ቁመቷ ሲቆም ብዙውን ጊዜ እሱም ይቆማል። እስከዚያ በየዓመቱ እየለካን መስታወቱን እንለውጣለን። መጽሐፉን ደግሞ ከአፍንጫዋ ትንሽ ታርቀው፤ ከዚያ የበለጠ አላዛትም።»

እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ። እማዬ ዘንድ ያለው እንዝርት በዓይኔ ዞረ። አባባ እጃቸውን ሰደው የቀሚሴን ጫፍ ያዙ፤ አምና የተሰፋ ነው፣ ጉልበቴ ጋ ደርሷል።

«ልጅ ስታድግ ቀሚሷ ያጥራል» አሉ። «ቀሚሱ ይረዝማል እንጂ ልጅቷን ማን ያሳጥራታል? መስታወቱን ይለውጡላት ዶክተር። ከመስከረም በፊት ይድረስላት፤ ትምህርት አላት።»

በቃ። ይህን ብለው ቆባቸውን አደረጉና ተነሡ። እኔ ከወንበሩ መነሣት አቃተኝ።

ስንወጣ ዶክተሩ ጠሩኝና፣ «አንቺን የመሰሉ ሰፈራችሁ ውስጥ ብዙ ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ልጆችን አያለሁ። አምጪልኝ» አሉኝ። እኔም ይህን ጥሪ ለእናንተ አስተላልፋለሁ። ሰሌዳ ለማየት ወደ ፊት የምትሮጥ እኅት ያለቻችሁ፣ ዓይኑን አጥብቦ የሚያይ ወንድም ያላችሁ፣ ከማዶ ሰላምታ የነፈገች ኩራተኛ የጎረቤት ልጅ ያለቻችሁ፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ማለዳ ወፍጮ ቤቱ ጋ ኑ፤ እኔና ብርቄ እንጠብቃችኋለን፣ አብረን እንሄዳለን። ከሩቅ ስትመጡ አያችኋለሁ፣ በየስማችሁም እጠራችኋለሁ። ሰልፉ ውስጥ ስትቆሙ ግን አደራ፤ ከፊታችሁ ያለው ሰው የሚለውን አትስሙት። የሚታያችሁን ብቻ ተናገሩ። ካልታያችሁም አይታየኝም በሉ።